በቆላ አገር ቤተሰብ ሌሊቱን በደኅና ስለሚተኛበት መንገድ



ስለ መጠጥ ውሃ፣ ስለ ምግብ ንጽሕናና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ስለ እንቅልፍ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። «እንቅልፍ ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል፤ የደከመው ሰው ራሱ ይተኛ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ደገኛው ይህን ቢል አይፈረድበትም፤ ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም ካለ ብርዱ ራሱ ያስተኛዋል። በቆላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ አንዳንድ ቀንም ያልፋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እንኳ ግድግዳው እንደ ተጣደ ምጣድ ይግላል። ሰው ቤት ውስጥ ቢተኛ ሙቀቱ ያንገላታዋል፤ ደጅ ቢተኛ የወባ ትንኝና የአሸዋ ዝንብ፣ ጊንጥና እባብ ይጠብቁታል። የቆላ እናት በየማታው የምትመርጠው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ለማሳየት ነው፤ ይኸውም ሳይታፈኑም ሳይነደፉም ማደር ነው።

እንቅልፍ ለሰውነት ምን ይሠራል

ሰው ሲተኛ ሥራ የፈታ ይመስለናል። ነገር ግን ሰውነት ቀን ያልደረሰበትን ሥራ የሚሠራው ሌሊት ነው። ልብ ረጋ ብሎ ይመታል፤ የደም ግፊት ዝቅ ይላል፤ የደከመ ጡንቻና የቆሰለ ሥጋ ይጠገናል። ልጅን የሚያሳድገው ቅመም በብዛት ወደ ደም የሚገባው ከባዱ እንቅልፍ በያዘው ጊዜ ነው። አንጎልም ቀን ያየውንና የሰማውን ለይቶ በየቦታው የሚያስቀምጠው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቢነገረው አይገባውም፤ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ ስላልተኛ ነው። በሽታን የሚመክተው የሰውነታችን ኃይልም በእንቅልፍ እጦት ይደክማል።

ያልተኛ አዋቂ ደግሞ በትንሽ ነገር ይቆጣል፤ በማጭድ እጁን ይቆርጣል፤ ከእሳትና ከፈላ ውሃ አጠገብ ይዘናጋል። እናት ካልተኛች ቤቱ በሙሉ ይጎዳል።

ለማን ስንት ሰዓት ይበቃል

የሰው ሁሉ እንቅልፍ እኩል አይደለም። ዕድሜው ባነሰ ቁጥር የሚያስፈልገው ይበዛል። መጠኑም በቀንና በሌሊት ተደምሮ እንዲህ ነው፤

አዲስ የተወለደ ሕፃን፥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት።
ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት፥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት።
ከ1 እስከ 2 ዓመት፥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት።
ከ3 እስከ 5 ዓመት፥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት።
ከ6 እስከ 12 ዓመት፥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት።
ጎረምሳና ኮረዳ፥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት።
ከዚያ በላይ ያለ አዋቂ፥ ቢያንስ 7 ሰዓት።

እንግዲህ አንድ የ10 ዓመት ልጅ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከብት ለማውጣት የሚነሣ ከሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት ተኝቶ መገኘት አለበት ማለት ነው።

ሙቀት እንቅልፍን ስለሚነሣበት ምክንያት

እንቅልፍ ሲቃረብ የሰው የውስጥ ሙቀት በተፈጥሮው ዝቅ ይላል። ሰውነት ሙቀቱን የሚያወጣው ደሙን ወደ ቆዳ፣ ይልቁንም ወደ እጅና ወደ እግር በመላክ ነው። ቤቱ ከሰውነት የባሰ ሙቀት ከያዘ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሰውዬው ይተኛል፤ ይባንናል፤ ይገላበጣል፤ ንጋት ላይ ነፋስ ሲመጣ ገና ደኅና እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የመነሻው ሰዓት ደርሷል።

ይህን ካወቅን የሚከተሉትን ማድረግ እንችላለን።

1ኛ፤ ከመኝታ በፊት ለብ ባለ ውሃ መታጠብ። ውሃ ቢያጥር እጅን፣ ፊትንና እግርን መታጠብ ይበቃል። ለብ ያለ ውሃ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚስብ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል። ላቡና አቧራውም ስለሚጠረግ መኝታው አይቆሽሽም።

2ኛ፤ ውሃን በእንስራ የምታቀዘቅዙበትን ጥበብ ለሰውነትም መጠቀም። እንስራው ውሃውን የሚያቀዘቅዘው ላብ እንደሚያልበው ሁሉ በገላው ስለሚያዥና ያም ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አየሩ ደረቅ በሆነበት ወራት እርጥብ ነጠላ በመስኮት ወይም በበር ላይ ቢሰቀል በእርሱ በኩል የሚገባው ነፋስ ቀዝቀዝ ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለ ሆነ ይህ ብዙ አይረዳም።

3ኛ፤ ግድግዳውን ቀን ከፀሐይ መከላከል። ማታ የሚያንገበግበን ሙቀት ግድግዳው ቀን የጠጣው ነው። ይልቁንም በምዕራብ በኩል ያለውን ግድግዳ ዳስ በመሥራት ወይም ዛፍ በመትከል ማጥላት ይገባል። የሣር ክዳን ከቆርቆሮ ይልቅ ቀን ይቀዘቅዛል። ቆርቆሮ ቤት ያላችሁ ከክዳኑ በታች በሰሌን ኮርኒስ ብታበጁለት ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የእሳት ነገር ስላለ ምድጃ በዚያ ቤት ውስጥ አይሁን።

4ኛ፤ ምድጃን ከመኝታ ቤት መለየት። እንጀራ የተጋገረበት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲግል ያድራል። ጢሱም ዓይንና ሳንባን ይጎዳል። የማእድ ቤቱ ዳስ ቢሆን እንኳ ለብቻው ይሁን።

5ኛ፤ ቀን በቂ ውሃ መጠጣት። ቀኑን ሙሉ በሰሊጥ ማሳ ላይ ሲያልበው ውሎ ውሃ ያልጠጣ ሰው ማታ ራሱን ያመዋል፤ እግሩም ይሸመቅቀዋል። ውሃውን ግን ቀን ከፋፍሎ መጠጣት እንጂ መኝታ ላይ አንድ ጣሳ ሙሉ መጠጣት ለሽንት ደጋግሞ ያስነሣል።

ደጅ የሚተኛ ሰው ማወቅ የሚገባው

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሙቀቱ የማይቻልበት ሌሊት አለ። ስለዚህ «ደጅ አትተኙ» ብለን ብቻ ብንሄድ የሚሰማን የለም፤ ደግሞም ልክ አይሆንም። ይልቅስ ደጅ ያለው ጠላት ማን እንደ ሆነ አውቀን እንከላከለው።

የመጀመሪያው የወባ ትንኝ፣ ማለት ቢምቢ ነው። ከምሽት እስከ ንጋት ይነድፋል። ውሃ ባቆረበት ይራባል፤ ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ ይበረታል። ወባ በጎንደር አገር ያደረሰውን ጥፋት አባቶቻችን አይረሱትም። በደንቢያ ቆላ ድባ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ስለ ፈጀ፣ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎንደር እንዲከፈት አንድ ምክንያት ሆኗል፤ ያ ኮሌጅ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ አድጓል። ከዚያ በኋላም ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን በተነሣው ታላቅ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል።

ሁለተኛው የአሸዋ ዝንብ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከትንኝ በጣም ያንሳል፤ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሲበርም ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ «ትንኝ ስላልሰማሁ አልተነደፍሁም» ማለት አይቻልም። መኖሪያው የዋልካ መሬት ስንጥቅ፣ የኩይሳ ቀዳዳና የግራር ጥላ ነው። ቀን እዚያ ተደብቆ ይውልና ሲመሽ ይወጣል። የሚያመጣውም በሽታ ካላዛር ይባላል። ካላዛር ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይቆያል፤ ሰውነትን ያከሳል፤ በግራ በኩል ጣፊያን ያሳብጣል፤ ደምን ያሳንሳል። ካልታከመ ይገድላል።

በመተማ፣ በአብደራፊና በሁመራ እርሻ ቦታዎች ካላዛር የሚይዛቸው ብዙዎቹ ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱ ወጣቶች ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቀኑን ሲያርሙ ወይም ሲያጭዱ ይውሉና ማታ በደከመ ሰውነታቸው ከግራር ሥር፣ በተሰነጠቀ ዋልካ ላይ፣ ያለ አጎበር ይተኛሉ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ ብዙ ሰው በታመመ ጊዜ መጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር፤ የወባ መድኃኒት አልመልስ ሲለው ተመርምሮ ካላዛር መሆኑ ታወቀ። በሽታውን ወደዚያ ያደረሱት ከቆላው እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ይታመናል። እንግዲህ አንድ ልጅ መተማ ላይ የተኛበት ሥፍራ ደጋ ላይ ላሉት ዘመዶቹም ይተርፋል ማለት ነው።

ስለዚህ ደጅ የምትተኙ ይህን አድርጉ፤

አልጋውን ከዛፍ ሥር፣ ከኩይሳ፣ ከከብት በረትና ከተሰነጠቀ መሬት አርቁት። ግቢው ውስጥ ያለውን ስንጥቅ በአፈር ድፈኑት፤ መሬቱን ጠርጋችሁ ደልድሉት።

መሬት ላይ በሰሌን ወይም በቁርበት ከመተኛት ከፍ ባለ አልጋ ላይ መተኛት ይሻላል። የጠፍር አልጋ ከሥሩ አየር ስለሚያስገባ ለሙቀትም መድኃኒት ነው፤ ጊንጥና እባብም በቀላሉ አይደርሱበትም።

በአልጋው አራት ማዕዘን አራት እንጨት ትከሉና አጎበር ስቀሉበት። ይህ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ነገር ነው። ደጅ የተሰቀለ አጎበር ቤት ውስጥ ከተሰቀለው ይልቅ ነፋስ ያገኘዋል። ሦስተኛው መንገድ ያልነው ይህ ነው።

ስለ አጎበር አያያዝ

«አጎበር ይሞቃል፤ ያፍናል» የሚለውን ስሞታ እናውቃለን፤ እውነትም አለበት። አጎበር ነፋሱን ጥቂት ይገታል። ግን አፈናው የሚብሰው አጎበሩ በአቧራ ሲደፈንና ዝቅ ብሎ ፊት ላይ ሲወድቅ ነው። ከፍ አድርጋችሁ፣ አራቱን ጫፍ ወጥራችሁ ስቀሉት፤ ሲቆሽሽም እጠቡት። አንድ ሌሊት መሞቅና አንድ ወር በወባ መንቀጥቀጥ እኩል አይደሉም።

አዲስ አጎበር ከማሸጊያው ሲወጣ አንድ ቀን ሙሉ በጥላ ቦታ ተዘርግቶ ይዋል። ማታ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ዙሪያውን ይወተፍ። ይህ ትንኝንም እባብንም ይከለክላል። ሲታጠብ በገንዳ፣ በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና ይሁን፤ በረኪና መድኃኒቱን ያጠፋዋል። ማድረቂያውም ጥላ ነው፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ታደክመዋለች። በሦስት ወር አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃል። ወንዝ ውስጥ ፈጽሞ አይታጠብ፤ መድኃኒቱ ዓሣ ይገድላልና። የታጠበበት ውሃ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይፍሰስ። የተቀደደውን በመርፌና በክር ስፉት። በዚህ ዓይነት የተያዘ አጎበር ሦስት ዓመት ያህል ያገለግላል።

የአሸዋ ዝንብ ትንሽ ስለ ሆነ መድኃኒት በሌለው አጎበር ቀዳዳ ሾልኮ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት የተነከረው ከተራው ይመረጣል። አጎበሩ ለቤተሰቡ ሁሉ የማይበቃ ቢሆን ነፍሰ ጡርና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ይቅደሙ። አጎበርን ለሰሊጥ መሸፈኛ ወይም ለዶሮ ቤት ማድረግ ልጅን ለትንኝ አሳልፎ መስጠት ነው።

ቤታችሁ የትንኝ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ግድግዳውን በጭቃም በኖራም አትለስኑት፤ መድኃኒቱን ትሸፍኑታላችሁና። ለበዓል መለሰን ከፈለጋችሁ ርጭቱ ከመምጣቱ በፊት ለስኑ።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ሱዳን ውስጥ በተነሣው ጦርነት ምክንያት በመተማ በኩል ብዙ ሰው ተሻግሯል፤ በአንዳንድ ቤትም እንግዳ አድሯል። እንግዳን እንጀራ ማብላት የታወቀ ደግነታችን ነው፤ አጎበር ሥር ማሳደርም የዚያው ደግነት ክፍል ይሁን።

ስለ መኝታ ንጽሕና

ሰው ሌሊት እንቅልፍ ያጣበትን ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ብርሃን አብርቶ ፍራሹን ቢገልጥ ያገኘዋል። ትኋን በአልጋው ጠፍር፣ በእንጨቱ ስንጥቅና በፍራሹ ስፌት ይደበቃል። በሽታ እንደሚያስተላልፍ ባይታወቅም ልጅን ሌሊቱን ሲያሳክከው ያድራል። የፈላ ውሃ በአልጋው እንጨትና ጠፍር ላይ አፍስሱ፤ ፍራሽና ልብሱን በሳምንት አንድ ጊዜ ቀትር ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ አራግፉ፤ ስንጥቁን ድፈኑ፤ ይህንም ደጋግሙ፤ ዕንቁላሉ ይተርፋልና።

ቅማል ግን ከትኋን የከፋች ናት፤ ግርሻና ተስቦ ታስተላልፋለች። ተጠጋግተው በሚያድሩ ሠራተኞች ዘንድ ትበዛለች። ልብስን በፈላ ውሃ ማጠብና የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ አለመተኛት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንነግራችሁ አንድ ነገር አለ። ለሰሊጥና ለጥጥ ተባይ የተገዛ መርዝ በአልጋ፣ በፍራሽ ወይም በልጅ ራስ ላይ ፈጽሞ አይረጭ። ትኋኑን ይገድል ይሆናል፤ ልጁንም ሊገድል ይችላል። የመርዙ ባዶ ዕቃም ውሃ መቅጃ አይሁን። መርዙ ከመኝታ ቤት ርቆ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ተቆልፎ ይቀመጥ።

የሰሊጥና የማሽላ ጆንያ ከራስጌ አይከመር። እህል አይጥ ይጠራል፤ አይጥ እባብ ይጠራል። ሌሊት ለሽንት የሚነሣ ሰው ብርሃን ይያዝ፤ ለትንንሽ ልጆች ፖፖ ቤት ውስጥ ይደር። ጠዋት ጫማን ሳያራግፉ አይጫሙ።

ትንኝ ለማባረር ቅጠል ወይም ኩበት ማጤስ የቆየ ልማድ ነው። ጢሱ ለጥቂት ጊዜ ትንኙን ቢያሸሽም ሳንባን ይጎዳል፤ ሲጠፋም ትንኙ ይመለሳል። ከሰል ወይም ፍም ተዘግቶ በሚታደርበት ቤት ማስገባት ደግሞ ሞት ነው። ከሰል የሚያወጣው መርዘኛ አየር ሽታ የለውም፤ ሰው እንደ ተኛ ይቀራል።

ከማለዳ እስከ ማታ ያለው ልማድ

የሌሊት እንቅልፍ የሚዘጋጀው ቀን ነው። ሰውነታችን የራሱ ሰዓት አለው፤ ያም ሰዓት የሚሞላው በጠዋት ብርሃን ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣትና ወዲያው ወደ ብርሃን መውጣት ማታ በሰዓቱ እንቅልፍ እንዲመጣ ያደርጋል። አንድ ቀን 11 ሰዓት፣ ሌላ ቀን 2 ሰዓት የሚነሣ ሰው ሰዓቱ ይዛባበታል።

ቡና። ቡናን አትጠጡ አንልም፤ ማን ይሰማናል! የምንለው ስለ ጊዜው ነው። የቡናው ኃይል በአምስት ሰዓት ያህል ውስጥ የሚቀንሰው በግማሽ ብቻ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጠጣ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ገና ግማሹ በደሙ ውስጥ አለ። ስለዚህ ጎረቤት የሚጠራራበት ቡና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ቢሆን መልካም ነው። የወፈረ ሻይም እንደዚሁ ነው። ማታ መጨዋወት ለምትወዱ ከርከዴ አለላችሁ፤ እንቅልፍ የሚያባርር ነገር የለበትም፤ ስኳሩን ብቻ ቀንሱለት። ጫት ግን እንቅልፍን ፈጽሞ ያባርራል።

ጠላና አረቄ። አረቄ ያስተኛል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ቶሎ ይጥላል፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን ያባንናል፤ ውሃ ያስጠማል፤ ያስኮረፋል። የሰከረ ሰውም አጎበሩን አይወትፍም።

እራት። ከመኝታ ሁለት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መብላት፣ ያም ቀለል ያለ መሆኑ ጥሩ ነው። ርቦት የሚተኛ ልጅም አይተኛምና ያለ እራት አይደር። በረመዳን ለሱሑር የምትነሡ ከቀትር በኋላ ጥቂት ጋደም በማለት የጎደለውን ሙሉ።

የቀን እንቅልፍ። በቆላ ቀትር ላይ ማረፍ ስንፍና አይደለም፤ ጥበብ ነው። ሆኖም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ9 ሰዓት በኋላም አይሁን። ሁለት ሰዓት የተኛ ሰው ማታ ዓይኑ አይከደንም።

ስልክ። የስልክ ብርሃን ለአንጎል «ገና አልመሸም» ይለዋል፤ በእርሱ የሚታየውም ወሬ ልብን ያነሣሣል። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ይቀመጥ፤ ልጆችም ይዘውት አይተኙ።

ሐሳብ። ስለ ዕዳ፣ ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ ጸጥታ፣ ርቆ ስለ ሄደ ልጅ የሚያስብ ሰው አልጋው ቢለሰልስም አይተኛም። ሐሳቡን ጨለማ ውስጥ ብቻውን ከሚያወጣና ከሚያወርድ ገና ሳይመሽ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለጎረቤት ወይም ለንስሐ አባት ወይም ለሼኽ ቢያካፍለው ይቀልለዋል። አልጋ ላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሥቶ ጥቂት ተቀምጦ እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ ይሻላል።

ስለ ነፍሰ ጡርና ስለ ሕፃን

ነፍሰ ጡር ሴት ከሰባተኛ ወር ጀምሮ በጎኗ ትተኛ። በጀርባ መተኛት ከባዱ ማኅፀን ትልቁን የደም ሥር እንዲጫን ያደርጋል፤ ለፅንሱ የሚደርሰውም ደም ይቀንሳል። ወባ ለነፍሰ ጡር እጅግ ክፉ ስለ ሆነ አንድም ሌሊት ያለ አጎበር አትደር።

ሕፃን አንድ ዓመት እስኪሞላው ሲተኛ በጀርባው ይተኛ፤ በደረቱ አይደለም። መኝታው ደልዳላ ይሁን፤ ትራስና የተከመረ ልብስ ከፊቱ ይራቅ። ብዙ እናቶች «ብርድ እንዳይመታው» ብለው ሕፃኑን በወፍራም ጨርቅ ይጠቀልሉታል፤ ፊቱንም ይሸፍኑታል። በመተማ ሙቀት ይህ ሕፃኑን ማፈን ነው። አንገቱና ደረቱ ላብ ካለው ልብሱን ቀንሱለት። ከዝንብና ከትንኝ ለመከላከል አጎበር እንጂ ጨርቅ በፊቱ ላይ አይደረግ።

ስለ እናት እንቅልፍ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በእናት ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ እንፈራለን። በቤቱ ሁሉ መጨረሻ የምትተኛው እርስዋ ናት፤ መጀመሪያ የምትነሣውም እርስዋ ናት። ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ ውሃ ትቀዳለች፤ ታቦካለች፤ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ዕቃ ታጥባለች፤ ሌሊት ታጠባለች። እንዲህ ሆና 7 ሰዓት መተኛት ከየት ይመጣል?

አባቶችና ወንዶች ልጆች ይህን አንብቡት። ውሃው ማታ ቢቀዳ፣ እንጨቱ ቀን ቢፈለጥ፣ አጎበሩን አባት ቢሰቅል፣ አልጋውን ትልልቆቹ ልጆች ቢያራግፉ እናት አንድ ሰዓት ታተርፋለች። ባህላችን አራስን ወንድ ስትወልድ 40 ቀን፣ ሴት ስትወልድ 80 ቀን ማሳረፍን ያውቃል። እረፍት ለእናት መድኃኒት መሆኑን አያቶቻችን ተረድተው ነበር ማለት ነው። ይህን ዕውቀት ከአራስ ቤት በኋላም ብንጠብቀው ምን ይጎዳናል?

ወደ እርሻ የሚሄድ ልጅ ላላችሁ

ልጃችሁ ለአረም ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ሲሄድ ስንቅ እንደምትቋጥሩለት አጎበርም ቋጥሩለት። አራት እንጨት የትም አያጣም። ከግራር ሥር እንዳይተኛ፣ እጅጌውና ሱሪው ረጅም እንዲሆን ንገሩት። የእርሻ ባለቤቶችም ለሠራተኞቻቸው ከዋልካው ከፍ ያለ የመኝታ ዳስና አጎበር ቢያዘጋጁ ለራሳቸውም ይጠቅማል፤ የታመመ ሠራተኛ ሰሊጥ አያጭድም፤ ደርሶ ያልታጨደ ሰሊጥም ይረግፋል።

ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የሚገባው መቼ ነው

ትኩሳት ያለው ሰው፣ ይልቁንም ሕፃንና ነፍሰ ጡር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለወባ ይመርመር። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ በግራ በኩል ሆድ ካበጠና ሰውነት ከከሳ ስለ ካላዛር ይጠየቅ፤ በዚህ በሽታ ሕክምና በመተማና በጎንደር ሆስፒታሎች የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል። ሲተኛ ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚያንኮራፋ፣ ወይም ለአንድ ወር ያህል እንቅልፍ ያጣና ልቡ የከበደው ሰውም ለሐኪም ይንገር። በእባብ የተነደፈ ሰው ሳይቆረጥና ሳይታሰር፣ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ወዲያው ይወሰድ።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ

ሁሉን በአንድ ቀን ማድረግ አይቻልም። በመጀመሪያው ሳምንት አጎበሩን አጥባችሁና ሰፍታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። በሁለተኛው ሳምንት ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡ፤ የግቢውን ስንጥቅ ድፈኑ። በሦስተኛው ሳምንት የማታውን ቡና ወደ ቀን አዛውሩ። በአራተኛው ሳምንት የቤቱን ሥራ ተካፈሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል፤ ወባውና ካላዛሩ ገብቶ መድኃኒት ከመፈለግ አራት እንጨት መትከል ይቀላል።